ከላስታ ቃሬዛ እስከ ጽኑ ሕሙማን ክፍል

ባለፈው ክረምት፥ በሐምሌ መጨረሻ፥ ቅኔ ያስተማሩን የኔታ ታመሙ። የሚኖሩት ከላሊበላ ከተማ በላይ፥ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ባለች መንደር ነው፤ ዕድሜያቸውም ሰባን አልፏል። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ ሳሉ፥ አተኰሳቸውም። በአራተኛው ቀን ግን አንድ ቃል ተናግረው ሁለተኛውን ለማስከተል ትንፋሽ አጠራቸው፤ ከንፈራቸውም ጠቈረ። የመንደሩ ጐልማሶች በቃሬዛ አንሥተው፥ በዝናብና በጭቃ እየተፈራረቁ ቍልቍለቱን አወረዷቸው። እኛም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለ ነበረ መንገድ ላይ ደርሰን በተራችን ትከሻችንን አቀረብን።

በከተማው ሆስፒታል ሐኪሙ በጣታቸው ጫፍ ላይ የልብስ መቈንጠጫ የምትመስል አንዲት መሣሪያ አደረገ። መሣሪያይቱ 71 የሚል ቍጥር አሳየች። ይህ ቍጥር በደም ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ክፍል ከመቶው ስንቱ ጭነቱን እንደ ያዘ የሚያመለክት ነው፤ ከ90 በታች ሲወርድ ለበሽተኛው ኦክስጅን መስጠት ግድ ይሆናል። ወዲያው ኦክስጅን ሰጧቸው፤ መድኃኒትም በደም ሥራቸው ጀመሩላቸው። ሌሊቱን ግን ትንፋሻቸው እየፈጠነ በደቂቃ ከ40 አለፈ። ጤነኛ ዐዋቂ ሰው ዐርፎ ሳለ የሚተነፍሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው። ሲነጋ ሐኪሙ ጠርቶን፥ «የደረታቸው ጡንቻ እየደከመ ነው፤ እንዲህ እየሮጡ ብዙ ሰዓት ሊቈዩ አይችሉም። ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባት አለባቸው» ሲል ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚላኩበትን ወረቀት ጻፈልን።

በዚህ ጊዜ አንዲት የዘመድ እናት፥ «እዚያ ክፍል የገባ ሰው በእግሩ ሲወጣ አላየሁም፤ እባካችሁ ከደብራቸው አጠገብ፥ በቤታቸው ይረፉ» ብለው አለቀሱ። ይህን ቃል በላስታ ብቻ ሳይሆን በመቄትም በዋድላም በቡግናም ሰምተነዋል። ቃሉን የወለደው ክፉ አሳብ ሳይሆን የብዙ ቤት ሐዘን ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም የኔታን በአምቡላንስ አሳፍረን ሄድን። በዚያ ክፍል ደጃፍ ዐሥራ አራት ቀን ስንመላለስ ያየነውን፥ ሐኪሞቹንና ነርሶቹን ጠይቀን የተረዳነውን፥ ከመጻሕፍትም ያገኘነውን ጨምረን ዛሬ ለአንባብያን እናቀርባለን፤ ይህ ነገር ለማን ቤት መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና።

በመጀመሪያ ክፍሉ ምን እንደ ሆነ እንረዳ። ብዙ ሰው ከሌላው የሆስፒታል ክፍል የተለየ ኀይለኛ መድኃኒት የሚሰጥበት ይመስለዋል። እውነቱ እንዲህ አይደለም፤ የሳንባ ምች መድኃኒት እዚያም እዚህም ያው ነው። ልዩነቱ፥ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ፥ ይኸውም መተንፈስን፥ የደምን ግፊት መጠበቅን፥ በኵላሊት ማጣራትን መፈጸም ሲያቅተው፥ ክፍሉ ያን ሥራ ለጊዜው ተረክቦ የሚሠራለት መሆኑ ነው። የቤት ምሰሶ ሲዘም ባለቤቱ ከጐኑ ድጋፍ ያቆማል። ድጋፉ የዘመመውን ምሰሶ አያድነውም፤ ምሰሶው እስኪለወጥ ድረስ ግን ጣሪያው እንዳይወድቅ ይይዛል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል መሣሪያዎች ሁሉ እንዲህ ያሉ ድጋፎች ናቸው።

ሁለተኛው ልዩነት ጥበቃ ነው። በተራ ክፍል አንድ ነርስ ብዙ አልጋ ትጠብቃለች። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን ደንቡ አንድ ነርስ ለአንድ፥ ቢበዛ ለሁለት በሽተኛ እንዲሆን ነው። ከአልጋው ራስጌ የተሰቀለው ሞኒተር የልብን ምት፥ ትንፋሽን፥ የደምን ግፊትና የኦክስጅንን መጠን ሌትና ቀን ያሳያል፤ አንዱ ከተወሰነለት ወሰን ሲያልፍ ይጮኻል። ጩኸቱ መጀመሪያ ልባችንን አርዶት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ነርሷ ስትሮጥና ሳትሮጥ አይተን የትኛው እንደሚያስፈራ ለየን። በካቴተር የሚወርደው ሽንት እንኳ በየሰዓቱ ይለካል። ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሊትር ይጠበቃል፤ ስልሳ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሠላሳ ሚሊ ሊትር፥ ማለት የቡና ሲኒ ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ይህ ሲጐድል ኵላሊት ደም እየተጠማ መሆኑ ይታወቃልና ነርሷ ዶክተሩን ትጠራለች። የኔታም በመጀመሪያው ቀን የደማቸው ግፊት ወርዶ ነበር፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም በመዝለቁ የደም ሥሮች ላልተዋልና። በዚህ ጊዜ ኖርአድሬናሊን የሚባለው የደም ሥር የሚያጠብቅ መድኃኒት በትንሽ ፓምፕ እየተመጠነ ይሰጣል።

ቤተ ሰብን ሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ቱቦው ነው። በሽተኛው በሰመመን ከተኛ በኋላ ቱቦ በአፉ ገብቶ፥ በድምፅ አውታሮቹ መካከል አልፎ፥ ወደ አየር ቧንቧው ይደርሳል፤ ሌላው ጫፉ ቬንትሌተር ከሚባለው የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያ ጋር ይገጠማል። መሣሪያው ኦክስጅን የበዛበትን አየር በልክ ይገፋል፤ ሳንባ ራሱን ጨምቆ ይመልሳል። ቱቦው በድምፅ አውታሮች መካከል ስለሚያልፍ በሽተኛው ድምፅ ማውጣት አይችልም። እኛም ድምፃቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ሰው ዝም ብለው፥ ደረታቸው በመሣሪያ ልክ ከፍ ዝቅ ሲል ባየን ጊዜ፥ ያቺ የዘመድ እናት የተናገሩት ትዝ አለን። ሐኪሟ ፊታችንን አይታ ይመስለናል፥ «ሩጫውን ተቀብለናቸው ነው እንጂ ለሞት አላስተኛናቸውም» አለችን። ስለ መጠኑም አስረዳችን። ቀድሞ ሐኪሞች ለታመመ ሳንባ ብዙ አየር መስጠት የሚጠቅም ይመስላቸው ነበር። በ1992 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 2000) በአሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። ክፉኛ በተጐዳ ሳንባ ላይ ትናንሽ ትንፋሽ የተሰጣቸው በሽተኞች የሞት ቍጥር ከመቶ 31 ሲሆን፥ ትልልቅ ትንፋሽ የተሰጣቸው ወደ 40 ደርሶ ነበር። የታመመ ሳንባ ከልክ በላይ ሲለጠጥ ይበልጥ ይቈስላልና።

የዚህ ክፍል አጀማመር ታሪክ ለተማሪዎቻችን ደጋግመን የምንነግረው ስለ ሆነ እዚህም ሳንጽፈው አናልፍም። በ1944 ዓ.ም. ክረምት በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የልጅነት ልምሻ፥ ፖሊዮ የሚባለው፥ በብርቱ ተነሣ። በሽታው የመተንፈሻን ጡንቻ ስለሚያሰንፍ ሕፃናት አእምሯቸው ሳይደበዝዝ ታፍነው ይሞቱ ነበር። በብሌግዳም ሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መተንፈስ ካቃታቸው 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። የዚያን ጊዜው መተንፈሻ በሽተኛውን እስከ አንገቱ የሚውጥ የብረት ሣጥን ነበር፤ ሆስፒታሉ የነበረው አንድ ብቻ ነው። በነሐሴ ወር ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ጕሮሮ ሥር አስበሳ፥ ቱቦ አስገባ፥ በላስቲክ ከረጢትም በእጁ አየር ይገፋላት ጀመር፤ ልጅቱም ዳነች። ነገር ግን ከረጢቱን ሌትና ቀን የሚጨምቅ እጅ ከየት ይምጣ? ወደ 1,500 የሚሆኑ የሕክምና ተማሪዎች ተጠርተው፥ እንደ ሰሞነኛ ካህናት በተራ እየገቡ፥ በየአልጋው ራስጌ ተቀምጠው በእጃቸው አስተነፈሱ። በአንድ ጊዜ እስከ 70 በሽተኛ እንዲህ በሰው እጅ የተነፈሰበት ቀን ነበር። የሞቱም ቍጥር ቀስ በቀስ ወደ ሩብ ግድም ወረደ። ኢብሰን በ1946 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ለጽኑ ሕሙማን ብቻ የተለየ ክፍል ከፈተ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ያለው ክፍል ከዚያ የተወለደ ነው። መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ተረኛ ሰው እንደ ነበረ ልብ ይሏል፤ ዛሬም ቢሆን ቬንትሌተር ገዝቶ ነርስ ያላሠለጠነ ሆስፒታል ውድ ዕቃ ገዛ እንጂ ክፍል አልከፈተም።

ወደ አገራችን ተራራ እንመለስ። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ነው፤ የአቡነ ዮሴፍ ራስ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በየትም ቦታ ከአየር መቶ እጅ 21ዱ ኦክስጅን ነው፤ ነገር ግን ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር አየሩ ይሳሳል። በ2,500 ሜትር ከፍታ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የደጋው ሰው ይህን ለምዶት ይኖራል፤ እንዲያውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2002 የታተመው፥ በሰሜን ተራሮች፥ በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገው ጥናት የደማቸው የኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል እንዳሉ ሰዎች ሆኖ በማግኘቱ ተመራማሪዎችን አስደንቋል። ይህ ግን ለጤነኛ ሳንባ ነው። ሳንባው በምች ግማሹ ሲዘጋ ቈላ ያለው ሰው ትንሽ የሚተርፈው አለ፤ ደገኛው ግን ከሳሳው አየር ላይ ስለሚጐድልበት ቶሎ ይወድቃል። ስለዚህ በእኛ አገር «ጥቂት እንየው» ማለት ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስከፍላል። የኔታን አራት ቀን በቤት ያቈየናቸው እኛው ነን።

ስለ ኦክስጅን ሌላም የሒሳብ ነገር አለ። ትልቁ ሲሊንደር ሲሞላ እስከ 6,800 ሊትር ይይዛል። በደቂቃ አምስት ሊትር ለሚወስድ በሽተኛ ከ22 ሰዓት በላይ ይበቃል፤ ዐሥራ አምስት ሊትር ለሚወስድ ግን በሰባት ሰዓት ተኩል ያልቃል። እንግዲህ በክረምት፥ የተራራው መንገድ በጐርፍ ሲቈረጥ፥ ባዶ ሲሊንደር ለማስሞላት የሚሄደውን መኪና አስቡ። ከክፍሉ አየር ኦክስጅንን የሚለየው ኮንሰንትሬተር የሚባለው መሣሪያ ከዚህ ጭንቀት ያድናል፤ እርሱ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ከገባ በኋላ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በዞኑ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፥ ተጐድተዋልም። እንዲህ ያለውን ክፍል ያቆሙ ሰዎች ስንት ጊዜ ከባዶ መጀመር እንዳለባቸው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

የኢትዮጵያ ሕዝብ የጽኑ ሕሙማንን ክፍል ስም በብዛት የሰማው በኮሮና ዘመን ነው። የመጀመሪያው ሕሙም በአዲስ አበባ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፥ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ተለየ፤ በኋላም ሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ ተነጥፎበት ሕሙማን ተኙበት። በዚያን ጊዜ በዓለም ሁሉ ተለምዶ የቀረ አንድ ቀላል ጥበብ አለ፤ እርሱም በሽተኛውን በሆዱ ማስተኛት ነው። በጀርባ በኩል ያለው የሳንባ ክፍል ከክብደት ሲያርፍ ይከፈታልና። መድኃኒት አይደለም፥ ገንዘብም አያስወጣም፤ የሚጠይቀው ቱቦው ሳይነቀል በሽተኛውን በጥንቃቄ የሚገለብጡ አራት አምስት ሰዎችን ነው። የኔታም ሁለት ቀን እንዲህ ተኝተዋል።

የቀረው ሥራ ከቤት ማስታመም ጋር ይመሳሰላል። ራስጌው ከፍ ይላል፤ የመኝታ ቍስል እንዳይወጣ በየሁለት ሰዓቱ ጐን ይለወጣል፤ አፍ ይጠረጋል፤ ቀጭን ምግብም በአፍንጫ በኩል ወደ ሆድ በሚወርድ ቱቦ ይሰጣል። ምግቡ ወተት ያለበት መሆኑን ስንሰማ፥ ጾመ ፍልሰታ ገብቶ ስለ ነበረ፥ የየኔታ እኅት ተጨነቁ። ወደ ንስሐ አባታቸው ስልክ ደወልን፤ አባም ሳይዘገዩ፥ «ለጽኑ ሕሙም ጾም የለበትም፤ ዶክተሩ ያዘዘውን ስጡ» አሉን።

ካህንን ስለ መጥራት ከዚህ የሚከተለውን እንጨምራለን። ቱቦው ከገባ በኋላ በሽተኛው መናዘዝም መቍረብም አይችልም። ስለዚህ ፋታ ካለ የንስሐ አባትን መጥራት የሚገባው ቱቦው ከመግባቱ በፊት ነው፤ ሐኪሞቹ ግን ጊዜ የለም ካሉ ጊዜ የለም፤ አንጐል ያለ ኦክስጅን ከአራትና ከአምስት ደቂቃ በላይ ሳይጐዳ አይቈይም። ስለ ጠበልም ስሕተታችንን ልንናገር ይገባናል። በነሐሴ 7 ቀን፥ የጽንሰታ ዕለት፥ ቱቦው ወጣላቸው። በዚያው ማታ የኔታ በሹክሹክታ «ጠበል» አሉን፤ እኛም ደስታ ይዞን ጠርሙሱን ከፍተን ወደ አፋቸው አቀረብን። ነርሷ እጃችንን ያዘችው። ቱቦ ዘጠኝ ቀን የቈየበት ጕሮሮ መዋጥን ይረሳል፤ የሚጠጣው ወደ ሆድ መሄዱን ትቶ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ እንደ ገናም ምች ይሆናል። ጠበሉን በግንባራቸውና በእጃቸው ላይ ቀባናቸው፤ የጠጡት መዋጥ መቻላቸው ከተፈተነ በኋላ በአራተኛው ቀን ነው። መድኃኒትንና ጠበልን ማጣላት ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ትምህርት አይደለም፤ ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ መናገራቸው የሚታወስ ነው።

ሌላው ያልጠበቅነው ነገር መቃዠት ነበር። በነሐሴ 8 ሌሊት የኔታ የሌለ ተማሪ ጠርተው ቅኔ ይነግሩት፥ ባለመቀበሉም ይቈጡት ጀመር። አእምሯቸው ጠፋ ብለን ፈራን። ሐኪሟ ግን ይህ በዚህ ክፍል ብዙ ሕሙማን ላይ የሚደርስ፥ አብዛኛውን ጊዜም የሚያልፍ መሆኑን ነገረችን፤ ሌትና ቀን በማይለይበት ቦታ፥ በሰመመንና በበሽታ መካከል፥ አእምሮ መንገዱን ይስታል። የሚታወቅ ድምፅ፥ የቀን ብርሃን፥ የራስ መነጽር ይረዳሉ፤ ዕለቱንም ደጋግማችሁ ንገሯቸው አለችን። እኛም ዕለቱን በቍጥር ሳይሆን እርሳቸው በሚያውቁት መንገድ፥ በበዓሉ ስም እየጠራን ነገርናቸው። በሦስተኛው ቀን፥ «አውቄዋለሁ፤ ደብረ ታቦር ሊገባ ነው» ብለው ተቈጡን። ቍጣው ደስ አሰኘን።

ሁሉ እንዲህ አልሆነም። ከየኔታ አልጋ ቀጥሎ የተኛ ጐልማሳ ነበር፤ የመጣው ከእኛ ይልቅ ዘግይቶ ነው። ሐኪሟ ቤተ ሰቡን ወደ ትንሽ ክፍል አስገብታ፥ ቈማ ሳይሆን ተቀምጣ፥ መሣሪያው የሚደግፈው ነገር ማለቁን ነገረቻቸው። የተናገረችው ጥቂት ነው፤ ከእነርሱ ጋር ግን ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። የክፍሉ ስም በሕዝብ ዘንድ የከፋው ዘግይተው በሚመጡ ሰዎች ምክንያት ነው ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ከፊሉም እውነት ነው። ከተራራ ሥር በቃሬዛ ለሚወርድ ሰው ግን መዘግየት ሁሉ ጥፋት አይደለም።

ወደዚያ ለሚሄድ ቤተ ሰብ ከተሞክሯችን የሚረባውን በአጭሩ እንንገር። ሲወስድ የነበረውን መድኃኒት ሁሉ፥ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፥ ሳትደብቁ ንገሩ፤ አንዳንዱ ሥር ኵላሊትንና ጕበትን ይጐዳልና። የማኅበረሰብ ጤና መድን መታወቂያውንና የመላኪያውን ወረቀት ያዙ። ከሐኪም ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ምረጡ፤ ዐሥር ሰው ዐሥር ጊዜ ሲጠይቅ ዐሥር ዓይነት ወሬ ይወጣል። ጠያቂ ሲበዛ ተላላፊ ተሕዋስያንም አብሮ ይገባልና እጃችሁን ሳትታጠቡ አልጋ አትንኩ።

የኔታ በደብረ ታቦር ዕለት ከክፍሉ ወጡ። ጡንቻቸው ከስቶ መቋሚያቸውን መጨበጥ አቅቷቸው ነበር፤ ተኝቶ የከረመ ሥጋ በሳምንት ብዙ ይሟሽሻል። ድምፃቸው እስከ ጥቅምት ሻክሮ ቈየ፤ ዛሬም ከፍ ያለውን ዜማ አይደፍሩትም፥ ቅኔ ግን ያስቈጥራሉ። በመስከረም ልንጠይቃቸው ወጥተን ሳለ፥ መሣሪያው ስንት ጊዜ እንዳስተነፈሳቸው ጠየቁን። በደቂቃ 16 ብለን አስበን፥ በቀን 23,040፥ በዘጠኝ ቀን 207,360 መሆኑን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «መሣሪያውን ማን ይጠብቀው ነበር? የክርስትና ስማቸውን አመጣችሁልኝ?» አሉን። አልጠየቅንም ነበር። እጃችንን የያዘችው ነርስ ሙስሊም መሆኗን ስንነግራቸውም፥ «እርሷን በምትጠራበት ስም ጻፉልኝ» አሉ።

ከመስቀል በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ወደዚያ ሆስፒታል ተመለስን። የጠራጊዋንና ሲሊንደር የሚለውጠውን ሰው ጨምረን ዐሥራ ሰባት ስም ጻፍን።